ለአምባሰልና ለባቲ የሚስማማ ክር፦ የአንድ ኤሌክትሪክ ጊታር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ የመጣው ጊታር ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አካሉ ድፍን እንጨት፣ አሠራሩ ስትራቶካስተር የተባለው ጊታር ቅጂ ሲሆን፣ ሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ)፣ በስፕሪንግ የሚሠራ ትሬሞሎ (ድምፁን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ)፣ እንዲሁም ከነት (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ ከሚያርፉበት) እስከ ብሪጅ (በአካሉ ላይ ከሚያርፉበት) 648 ሚሊ ሜትር የሚሆን የክር ርዝመት አለው። ባለቤቱ በኮምቦልቻና በአካባቢው ሠርግ በሚያጅብ ባንድ ውስጥ የሚጫወት ወጣት ነው። «ትዝታ ስጫወት ደኅና ነው፤ አምባሰል ላይ ግን ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም እያለ ያስቸግረኛል። ክሩን ላወፍረው ወይስ ላቅጥነው?» አለኝ። ብዙ ጊዜ የምጠየቀው የትኛው ቁጥር ጥሩ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ ግን የሚጫወተውን ቅኝት ጠቅሶ ስለመጣ፣ ሥራውን ከዚያው ከቅኝቱ ለመጀመር ወሰንሁ።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ይገኛሉ። እዚህ አካባቢ ሠርግ የሚያጅብ ጊታር እነዚህን ሁለቱን በሚገባ መጫወት ካልቻለ ሌላው ችሎታው ብዙ አይጠቅምም። አምባሰል ከሲ ሲጀመር ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው፤ ሲና ዲ ፍላት፣ ጂና ኤ ፍላት በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤታሞች ናቸው። በባቲም፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ተብሎ ሲደረደር፣ ኢና ኤፍ፣ ቢና ሲ እንዲሁ ተጠጋግተው ይቆማሉ። በትዝታ ሜጀር ግን ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ተራርቀው ስለሚሄዱ፣ አንዱ ድምፅ በትንሹ ከፍ ቢል ጆሮ ያልፈዋል። ጎረቤታሞቹ በተጠጉበት ቅኝት ግን የትንሿ መዛባት ወዲያው ትሰማለች። ልጁ «ትዝታ ላይ ደኅና ነው» ያለው ትክክለኛ ምልከታ ነው ማለት ነው፤ ጊታሩ ትዝታ ላይም ይዛባል፣ የሚያጋልጠው ግን አምባሰል ነው።

የተገጠመውን ክር በካሊፐር ለካሁት። ከቀጭኑ ጀምሮ 9፣ 11፣ 16፣ 24፣ 32፣ 42 ነው። ቁጥሮቹ የኢንች አንድ ሺኛ ናቸው፤ 9 ማለት 0.23 ሚሊ ሜትር፣ 42 ማለት 1.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክሮቹን ፈትቼ ስገለብጣቸው፣ በሦስተኛው ክር ሆድ ላይ ከፍሬቶቹ (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች) ትክክል ትናንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች ተቀርጸውበታል፤ ጥፍሬን ሳስኬድበት ይቆረቁራል። እንዲህ የተጎዳ ክር ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በየትኛውም ማስተካከያ ልክ አይመጣም። ስለዚህ ማንኛውም ፍርድ በአዲስ ክር ላይ ብቻ እንዲሰጥ አድርጌ፣ በቅድሚያ አዲስ ባለ 9፣ ማለትም አንደኛው ክሩ 9 የሆነ ፓኬት፣ ገጠምሁ።

በማግስቱ

ልጁ በአዲሱ ባለ 9 ላይ እንዲጫወት አድርጌ ቱነሩን፣ የቅኝት መለኪያውን፣ እያየሁ ተከታተልሁ። ክሮቹ ሳይጫኑ ልክ ናቸው፤ እሱ ሲጫናቸው ግን ሦስተኛው ክር እስከ 20 ሴንት ከፍ ይላል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን ላሰበ፣ ይህ የግማሽ ድምፁ አንድ አምስተኛ ነው። እኔ ቀለል አድርጌ ስጫን መዛባቱ በግማሽ ይቀንሳል። ልጁ ከበሮና ኪቦርድ መካከል ቆሞ በኃይል መጫወት የለመደ ነው፤ እጁን እንዲያለሰልስ መምከር ይቻላል፣ ነገር ግን በሠርግ መካከል ማንም ሰው እጁን እያሰበ አይጫወትም። ክሩ የልጁን እጅ መቻል አለበት።

የክር ውጥረት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ በክሩ ክብደት፣ በርዝመቱና በሚቃኝበት ድምፅ። ርዝመቱና ድምፁ ከተወሰኑ በኋላ የሚቀረው ክብደቱ ነው፤ ያልተጠቀለለ (ሽቦ ያልተጠመጠመበት) የብረት ክር ደግሞ ክብደቱ በውፍረቱ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። አንደኛውን ክር ከ9 ወደ 10 መለወጥ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ውጥረቱን ግን በ23 በመቶ ያሳድገዋል። በዚህ ጊታር ርዝመት የባለ 9 ስድስቱ ክሮች በጠቅላላ ወደ 38 ኪሎ ግራም፣ የባለ 10 (10፣ 13፣ 17፣ 26፣ 36፣ 46) ወደ 47 ኪሎ ግራም፣ የባለ 11 ደግሞ ወደ 54 ኪሎ ግራም ገደማ አንገቱን ይስባሉ። አጠር ያለ ጊታር፣ ለምሳሌ 628 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው የሌስ ፖል ዓይነት፣ ያንኑ ክር ይዞ ውጥረቱ በ6 በመቶ ያህል ይላላል። አንድ ሰው በሌስ ፖል ላይ የወደደውን ቁጥር በስትራቶካስተር ላይ ሲገጥም የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጉዳይ የታላላቅ ተጫዋቾችን ስም እየጠሩ መከራከር የተለመደ ቢሆንም ብዙ አይረዳም። ስቲቪ ሬይ ቮን አንደኛውን ክር 13 አድርጎ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ነበር፤ ቢሊ ጊበንስ ደግሞ በ7 የሚጫወት ሰው ነው። ሁለቱም የራሳቸውን ድምፅ አግኝተዋል፤ አንዳቸውም ግን አምባሰልን አያጅቡም ነበር።

ኅዳር አጋማሽ፣ ደሴ

ባለ 10 ገጠምሁ። ትሬሞሎ ያለው ጊታር ላይ ክር ማወፈር ክሩን ገጥሞ በመቃኘት ብቻ አያልቅም፤ ክሮቹ በአንድ በኩል፣ ከጀርባ ያሉት ስፕሪንጎች በሌላ በኩል እየተሳሳቡ ብሪጁን በሚዛን ይይዙታል። ወደ 9 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭማሪ ሲመጣ ብሪጁ ወደ ፊት ተደፋ። የኋላውን ክዳን ከፍቼ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች እኩል እኩል እያጠበቅሁ፣ በየመሐሉ እየቃኘሁ፣ ብሪጁ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ሠራሁ። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱ ክር በተቃኘ ቁጥር ሌሎቹ አምስቱ ይለቃሉ።

አንገቱም በጭማሪው ወደ ፊት በመጠኑ ጎበጠ። መጎበጡን የለካሁት በራሱ በክሩ ነው፤ ስድስተኛውን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ተጭኖ፣ መሐል ሰባተኛው ፍሬት ዘንድ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ከፓኬቱ የተረፈችው የአንደኛው ክር ቁራጭ 0.25 ሚሊ ሜትር ስለሆነች ለመለኪያነት ትበቃለች። ቁራጯ በክፍተቱ ውስጥ ክሩን ሳታንቀሳቅስ፣ ነገር ግን እየነካችው ካለፈች ልኩ ትክክል ነው። መጀመሪያ ያለ ምንም ንክኪ አለፈች፤ ትራስ ሮዱን (አንገቱን የሚያቃናውን የውስጥ ብረት) ወደ ቀኝ ከሩብ ዙር ባነሰ አጥብቄ አንገቱን ለአንድ ሌሊት ተውሁት። ጠዋት ቁራጯ ሳብ እያለች አለፈች።

ውጤቱ በአንደኛውና በሁለተኛው ክር ላይ ግልጽ ነበር። በተለይ ሁለተኛው፣ በባለ 9 ከሁሉም የላላው፣ ከ5 ኪሎ ግራም ወደ 7 ኪሎ ግራም ስለተሻገረ፣ የልጁን ጣት ተቋቋመ፤ እንደ ክራር ፈጠን ብሎ በፒክ ሲመታ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ይወጣል። ሦስተኛው ክር ግን እንደ ነበረ ነው ለማለት ይቻላል። ከ16 ወደ 17 ሲወጣ የውጥረቱ ጭማሪ 13 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ መዛባቱ ከ20 ሴንት ወደ 16 እና 17 ቢወርድ ነው። የአምባሰሉ ጂና ኤ ፍላት አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወቱት ደግሞ በዚሁ ክር ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት

ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ ጋሼ ለሌላ ጉዳይ ገብተው ነበርና ልጁ ሲጫወት ቆመው ሰሙት። ከጨረሰ በኋላ ወደ ጊታሩ ጠቁመው፣ «አብሽር ልጄ፣ እጅህ ደኅና ነው፤ ያችኛዋ ክር ግን ትሸሻለች» አሉት፤ ያመለከቱት ሦስተኛዋን ነው። ጆሯቸው ቱነሩ የሚያሳየውን ያለ ቱነር አግኝቶታል። በፈረስ ጭራ ላይ፣ ፍሬት በሌለበት፣ እያንዳንዱን ድምፅ በጣታቸው ፈልገው ሲያወጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ የአንድ ድምፅ ቦታ የት እንደሆነ ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ።

ሦስተኛው ክር ለምን እንደሚሸሽ እዚህ ላይ በዝርዝር ማስፈር አለብኝ፤ የሥራው ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ክር ሲጫን በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው ከመጫኑ በፊት ብረቱ ውስጥ የነበረው ጭንቀት ነው። ብረቱ አስቀድሞ በጣም የተወጠረ ከሆነ፣ ትንሽዋ ተጨማሪ ልጠጣ ከነበረው ጋር ስትነጻጸር እዚህ ግባ የማትባል ትሆናለች። የላላ ከሆነ ግን ያችው ልጠጣ ብዙ ታዛባለች። ያልተጠቀለለ የብረት ክር በአንድ ርዝመትና በአንድ ድምፅ ሲቃኝ፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ በብረቱ ስፋት የሚካፈለው ጭንቀት ያው ነው፤ የወፈረው ክር ብዙ ኪሎ ይሸከማል፣ ነገር ግን የሚሸከምበትም ብረት በዚያው ልክ ይበዛል። ሦስተኛው ክር በ196 ኸርዝ፣ አንደኛው በ330 ኸርዝ ገደማ ስለሚቃኙ፣ በሦስተኛው ውስጥ ያለው ጭንቀት የአንደኛው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ለተመሳሳይ ልጠጣ ሦስተኛው ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይዛባል። 17ቱን በ18 ወይም በ19 ቢተኩት ክሩ ለጣት ትንሽ ይጠነክራል፤ ጠባዩ ግን አይለወጥም።

ጠባዩን የሚለውጠው መጠቅለል ነው። የተጠቀለለ ክር ክብደቱን በአብዛኛው የሚያገኘው በዙሪያው ከተጠመጠመው ሽቦ ሲሆን፣ ውጥረቱን የሚሸከመው በውስጡ ያለው ቀጭን ብረት ነው። ስለዚህ ውስጠኛው ብረት በጣም ይወጠራል፤ ሲጫንም በጥቂቱ ብቻ ይዛባል። አራተኛው ክር ከሦስተኛው ዝቅ ብሎ ተቃኝቶም የማይሸሸው ስለተጠቀለለ ነው።

ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ በገበያ ላይ የነበሩት ክሮች ወፋፍራም፣ ሦስተኛቸውም የተጠቀለለ ነበር። ቀጭን ክር የፈለጉ ተጫዋቾች የባንጆ ክር እየቀላቀሉ ይገጥሙ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤርኒ ቦል ቀጫጭኑን አዘጋጅቶ መሸጥ ከጀመረ በኋላ፣ ሦስተኛው ያልተጠቀለለ መሆኑ ቀስ በቀስ የተለመደ ሆነ። የተፈለገውም ለብሉዝና ለሮክ ክርን ወደ ጎን እየገፉ ድምፅ ለማጉበጥ ነው። የዚያ ሙዚቃ ፍላጎት የክሩን ዓይነት ወሰነ፤ እኛ ደግሞ ፓኬቱን ከነፍላጎቱ ተቀብለን እንገጥማለን። አምባሰል የሚፈልገው ግን ጎረቤታሞቹ ድምፆች እያንዳንዳቸው በየቦታቸው እንዲቆሙ ነው።

ታኅሣሥ፣ ደሴ

ሦስተኛው ክሩ የተጠቀለለ ባለ 11 ፓኬት ተገኘ፤ 11፣ 14፣ 20፣ 28፣ 38፣ 49 ነው። 20ው ጥቅል በነቱ ቦይ ውስጥ ተጨንቆ ሲቃኝ «ጢቅ» እያለ ይዘል ስለነበር፣ ቦዩን በጥንቃቄ ሞርጄ አሰፋሁት፤ ከዚያም የእርሳስ ጫፍ ደጋግሜ በማሸት አለሰለስሁት። የሦስተኛውን ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቁራጭ) ወደ አንገቱ አቅጣጫ በግልጽ ወደ ፊት ማምጣት አስፈለገ፤ ያልተጠቀለለው የሚፈልገውን ያህል የርዝመት ማካካሻ ጥቅሉ አይፈልግም።

አምባሰሉን ሲጫወት ቱነሩ በሦስተኛው ክር ላይ ከ5 ሴንት በላይ አላሳየም። ያልጠበቅሁት ተጨማሪ ጥቅምም ተገኘ። የዚህ ጊታር ፒክአፕ የሦስተኛው ክር ማግኔት ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ይህ አቀማመጥ ሦስተኛው ክር የተጠቀለለና በፒክአፑ ላይ ደከም ያለ ድምፅ የሚሰጥ በነበረበት ዘመን የተቀመጠ ነው። ባልተጠቀለለ ክር ሦስተኛው ሁልጊዜ ከሌሎቹ በላይ ይጮህ ነበር፤ በጥቅሉ ግን ስድስቱ እኩል ሆኑ።

ችግሩ የቀረው በክብደቱ ነው። የባለ 11 ጠቅላላ ውጥረት ከጥቅሉ ጋር ወደ 55 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ 20ው ጥቅል ብቻውን 9 ኪሎ ግራም አለው፣ 17ቱ 7.5 ኪሎ ግራም ነበረ። ልጁ ለጥቂት ዘፈን ወደደው፤ ከምሽት እስከ ሌሊት ለሚዘልቅ ሠርግ ግን ግራ እጁ እንደማይችለው ራሱ ተናገረ። በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ መቃኘት ውጥረቱን በ11 በመቶ ስለሚቀንስ ወደ 49 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከባለ 10 ብዙ ወደማይርቅ ልክ ያወርደዋል። ዘፋኙና ኪቦርዱ በየዘፈኑ ድምፅ እየቀየሩ ሲሄዱ ግን እጁ የለመደውን ቦታ ሁሉ በአንድ ፍሬት ማሸጋሸግ ሊኖርበት ነው፤ ይህንን አልፈለገም፣ እኔም አልገፋሁትም።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

ጊታሩን ባንዱ በሚለማመድበት ቦታ ለመስማት የሐረጎን ቁልቁለት ወረድሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ በታኅሣሥ ጠዋት ከደሴ ብርድ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ሙቀት የሚገባ ጊታር ቅኝቱ ዝቅ ብሎ ይደርሳል፤ ክሩ ከእንጨቱ ቀድሞ ስለሚሞቅ ይለቃል። ክር ማወፈር ለዚህ መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ። ከላይ በጻፍሁት ምክንያት አይመስለኝም፤ በሙቀት መልቀቅም ልጠጣ ነው፣ ልዩነቱ ወደ ኋላ መሆኑ ነው። ያልተጠቀለለ ሦስተኛ ክር እዚህም ከአንደኛው ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይወርዳል። ለማነጻጸር ይዤው የሄድሁት ሌላ ጊታር፣ ባለ 10 ከ17 ጋር የተገጠመለት፣ ከሣጥኑ ወጥቶ ትንሽ እንደቆየ ሦስተኛው ክር ከሌሎቹ ሁሉ ወርዶ ተገኘ፤ ጥቅል የተገጠመለት ስድስቱም በተቀራረበ መጠን ነበር የወረዱት። እንዲህ ሲሆን ከኪቦርዱ ጋር እንደገና መቃኘት የአንድ አፍታ ሥራ ይሆናል።

በልምምዱ መጨረሻ ውሳኔው ግልጽ ሆነልኝ፤ ከባለ 10 ፓኬት አምስቱን ወስዶ፣ በ17ቱ ምትክ 18 ጥቅል መግጠም። የ18 ጥቅል ውጥረት በዚህ ርዝመት 7.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከ17ቱ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠቅላላው በ47 ኪሎ ግራም አካባቢ ይቆያል፣ ስፕሪንጎቹና ትራስ ሮዱም በባለ 10 ወደተስተካከሉበት ይመለሳሉ። ነጠላ ክር ደሴ ላይ ማግኘት ስለሚያዳግት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ላክሁ።

ከገና በኋላ፣ ደሴ

የ18 ቁጥር ጥቅሎቹ ደረሱ። ሙሉው አሁን 10፣ 13፣ 18 ጥቅል፣ 26፣ 36፣ 46 ሆኗል። ብሪጁን ወደ ሚዛኑ መለስሁ፤ የክሮቹን ከፍታ በ17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር አደረግሁ፤ ሳድሎቹን አንድ በአንድ በ12ኛው ፍሬት ላይ አስተካከልሁ። በልጁ እጅ፣ እሱ እንደለመደው በኃይል ሲጫን፣ ሦስተኛው ክር 6 ሴንት ከፍ ይላል። አምባሰሉ ከኪቦርዱ ጋር ገጠመ፤ የባቲው ኢና ኤፍም እንዲሁ።

የጠፋ ነገር መኖሩን መደበቅ አይገባም። በሦስተኛው ክር ላይ በመግፋት አንድ ሙሉ ድምፅ ማንሣት አሁን አይቻልም፤ ግማሽ ድምፅ ማንሣትም ይከብዳል። ብሉዝና ሮክ ለሚወድ ሰው ይህን ገጠማ አልመክርም፤ ለእሱ 17 ያልተጠቀለለው ይሻለዋል። ልጁ ክር የሚገፋባቸውን ጥቂት ቦታዎች ወደ ሁለተኛው ክር አዛወራቸው። የማሲንቆውን ድምፅ የሚመስለውን ደግሞ ጣቱን በክሩ ላይ እያንሸራተተ ሲያወጣው ከመግፋት ይልቅ ይቀርባል፤ ማሲንቆም የሚጫወተው በማንሸራተት ነውና። በጥቅሉ ላይ ጣት ሲሄድ የሚሰማው ፍጭት በአምፕ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የትሪብሉን ድምፅ በትንሹ ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ያስቀረዋል።

ጥር፣ በሠርግ ወቅት

ልጁ ከሠርግ በኋላ ጊታሩን ለፍተሻ ይዞ መጣ። ጥቅሉ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት ትክክል መጠነኛ ጠፍጣፋ ምልክት አውጥቷል፤ ሽቦው ገና አልላላም። ቀጫጭኖቹ ሁለቱ ከጥቅሉ ቀድመው ደንዝዘዋልና እነሱን ብቻ ለወጥሁ። የጥቅሉ ሽቦ ሲላላ ክሩ ሲመታ በስሱ ይነዝራል፤ ያን ጊዜ እንዲያመጣው ነግሬው፣ የተረፉትን የ18 ቁጥር ጥቅሎች በእርሱ ስም በፖስታ ለይቼ በመሳቢያው አስቀመጥሁ።